አሮጌ ጠመንጃ ገዝታችሁ አልመታ ላላችሁ ልጆች

ልጆቼ እንደምን አላችሁ።

ከኢትዮጵያ ግምጃ ቤት ወጥተው አሜሪካ ገበያ የገቡትን የድሮ ጠመንጃዎች እየገዛችሁ ወደኔ ምትመጡ እየበዛችሁ ነው፣ በጣም ደስ ይለኛል፣ ያ ብረት የአያቶቻችን እጅ ያረፈበት ነው፣ አንዳንዱ ቤልጅግ ላይ የይሁዳ አንበሳ ተቀርጾበት ታዩታላችሁ። ግን ሁላችሁም ምትነግሩኝ አንድ ነገር ነው፣ «ጋሼ አልመታ አለኝ፣ በርሜሉ አልቋል መሰለኝ»። እድሜዬን ጠመንጃ ስጠግን ነው የኖርኩት፣ በርሜሉ አለቀ ተብሎ ከመጣልኝ ውስጥ እውነት ያለቀለት ጥቂቱ ነው። ስለዚህ በርሜል ከመቀየራችሁ፣ ስኮፕ ለመግጠም ብረቱን ከመብሳታችሁ፣ ሰደፉን ከመቁረጣችሁ በፊት ይቺን አንብቡልኝ።

ከሁሉ በፊት ጠመንጃው መተኮስ አለበት ወይ የለበትም ሚለውን እወቁ። ቦልቱ (ጥይቱን ከኋላ ሚዘጋው መዝጊያ) ላይና በርሜሉ ላይ ያለው ቁጥር ካልተመሳሰለ፣ እነዚህ ላይ ደግሞ ብዙ ጊዜ አይመሳሰልም፣ ሄድስፔሱን፣ ማለትም ቦልቱ ሲዘጋ ለጥይቱ ሚቀረውን ቦታ፣ ባለሙያ በጌጅ (በመለኪያ) ሳይለካላችሁ አንድም ጥይት እንዳትተኩሱ። በፈረንጅ የ1888ቱ የጀርመን ጠመንጃ ከደረሳችሁማ የበለጠ ተጠንቀቁ፣ የዛን ጊዜው አረር 8.08 ሚሊ ነበር በኋላ የመጣው 8.20 ነው፣ ጥይቱ ሲታይ አንድ ይመስላል ግን ለጠባቡ በርሜል ሰፊውን መስጠት በአይናችሁና በእጃችሁ መጫወት ነው።

እሺ፣ አሁን ወደ አልመታም እንምጣ። የተኮሳችሁበትን የዒላማ ወረቀት አምጡና እዩት። አምስቱ ጥይት አንድ ላይ ተሰብስቦ ግን ከዒላማው በላይ ከሆነ ጠመንጃው ምንም አልሆነም፣ እንደውም ጎበዝ ነው። እነዚህ የተሰሩት ለወታደር ነው እንጂ ለ100 ሜትር ሬንጅ አይደለም። የጀርመኑ ጌቨር 98 ማነጣጠሪያው የመጨረሻ ዝቅ ቢል እንኳን ከ400 ሜትር ነው ሚጀምረው፣ ስለዚህ 100 ሜትር ላይ ከስንዝር በላይ ወደ ላይ ቢመታ ልክ የተሰራበትን ስራ እየሰራ ነው። አንዳንዶቻችሁ ከፍ መታ ብላችሁ የፊቱን ማነጣጠሪያ በሞረድ ታሳጥራላችሁ፣ ተዉ! የፊቱ ሲያጥር ጥይቱ ጭራሽ ወደላይ ነው ሚሄደው፣ ሚያስፈልገው ረዘም ያለ ነው፣ ዋናውን አውጥታችሁ በደንብ አስቀምጡትና ረጅሙን አስገጥሙ። ወደ ግራ ከመታ ደግሞ የፊቱን ወደ ግራ ነው ምትገፉት፣ ወደ ሳተበት ማለት ነው።

ችግር ሚሆነው ሲበትን ነው። አንዱ እዚህ አንዱ እዛ። በ100 ሜትር 10 ሳንቲም አካባቢ ከሰበሰበ ለኔ ጤነኛ ነው፣ ከአሮጌ የጦር ጠመንጃ ከዛ የተሻለ መጠበቅ አግባብ አይደለም። ከ20 በላይ ከሆነ ግን ምክንያት አለው።

በጣም ምለምናችሁ ነገር ቢኖር አንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ። ጥይትም ቀይሮ ብሎንም አጥብቆ በርሜልም አጽድቶ ሚመጣ ልጅ ቢስተካከልለትም የቱ እንዳስተካከለለት አያውቅም፣ ነገ ሲበላሽ ደግሞ እንደገና ከዜሮ ነው።

ካርካኖ የያዛችሁ ከጥይቱ ጀምሩ። ጣሊያን ትቶት የሄደው ይሄ ጠመንጃ ስሙ በከንቱ ጠፍቷል። 6.5 ይባል እንጂ የበርሜሉ ጎድጎድ (ውስጡ ያለው አረሩን ሚያሽከረክረው ጠመዝማዛ መስመር) ወደ 6.80 ሚሊ ነው፣ ገበያ ላይ ያለው ተራው የ6.5 አረር ግን 6.71 ነው፣ ውስጡ ላልቶ ነው ሚያልፈው፣ መስመሩን በደንብ አይነክስም፣ ስለዚህ ይበትናል። የዋናው አረር ረጅም፣ ጫፉ ዱልዱም፣ 10.5 ግራም አካባቢ ነበር። በ6.80 የተሰራለት አረር አለ፣ እሱን ፈልጉ፣ ስንቱ ልጅ በርሜሉ አልቋል ሲለኝ የነበረው ጠመንጃ በዚህ ብቻ ነው የዳነው። የናንተን በርሜል ማወቅ ከፈለጋችሁ ቦልቱን አውጡ፣ የበርሜሉን ውስጥ ዘይት ቀቡት፣ ለስላሳ እርሳስ ድቡልቡል በዘንግ ቀስ አርጋችሁ ግፉበትና የወጣውን በማይክሮሜትር ለኩ።

ማጽዳት ላይ ሁለት ነገር አለ። የድሮ የጦር ጥይት ፕራይመሩ (ባሩዱን ሚያቀጣጥለው) ጨው ይተዋል፣ ጨው ደግሞ በዘይት አይለቅም፣ ሚለቀው በውሃ ነው፣ የዛኑ ቀን ሙቅ ውሃ አሳልፉበት፣ አድርቁት፣ ከዛ ዘይት። ሁለተኛው መዳብ ነው፣ ለስንት አመት የተጠራቀመ መዳብ ጎድጎዱን ይደፍነዋል፣ የመዳብ ማስለቀቂያ እየነከራችሁ ጨርቁ ሰማያዊ መውጣት እስኪተው ድረስ ቀጥሉ፣ ከቀናትም በላይ ሊፈጅ ይችላል (ዘንጉ ጫፍ ላይ ያለው ናስ ራሱ ጨርቁን ሰማያዊ ያረገዋል፣ እንዳያሳስታችሁ)። በርሜሉ ጥቁር ስለሆነ ብቻ ተስፋ አትቁረጡ፣ ጥቁር ሆኖ አሳምሮ ሚመታ አይቻለሁ።

ሞዜርና ቤልጅግ ላይ ደግሞ እንጨቱን እዩ። ከስር ያሉትን ሁለት ብሎኖች በልኩ ካቻቢቴ ሞክሯቸው፣ ከላሉ ብረቱ በተኮሳችሁ ቁጥር እንጨቱ ውስጥ ይንሸራተታል። ግን ዝም ብላችሁም እንዳታጠብቁ፣ የኋላው ብሎን ሚያልፍበት ትንሽ የብረት ቱቦ አለ፣ ጠመንጃው ሲፈታ ሲገጠም ብዙ ጊዜ ይጠፋል፣ እሱ ከሌለ ስታጠብቁት እንጨቱ ይጨፈለቅና ብረቱ ይጎብጣል፣ ያኔ በጭራሽ አይሰበስብላችሁም። ቱቦው ርካሽ ነው፣ መኖሩን እዩ። ከዛ እንጨቱ ደርቆ ተጣሞ በርሜሉን ወደ አንድ ጎን እየገፋው እንደሆነ ተመልከቱ፣ በርሜሉ ሲሞቅ ጥይቱ ቀስ እያለ ወደ አንድ አቅጣጫ ሚሄድ ከሆነ ምልክቱ እሱ ነው። እንጨቱን ራሳችሁ እንዳትፍቁት፣ የተፋቀ አይመለስም።

በመጨረሻ አፈሙዙ። ወታደር ሁሌ ከአፈሙዝ በኩል በብረት ዘንግ ሲያጸዳ ስለኖረ ብዙ ጊዜ የተበላው ጫፉ ላይ ያለው ትንሽ ቦታ ብቻ ነው። ብርሃን ላይ አዙራችሁ እዩት፣ ጠርዙ አንድ ጎን የተቀጠቀጠ ወይ የተበላ ከሆነ ባለሙያ በትንሹ ያስተካክለዋል፣ በርሜሉን ሳያሳጥር ማለት ነው።

ይሄን ሁሉ አርጋችሁ ወረቀቱ ላይ ያለው ቀዳዳ ክብ ሳይሆን ሞላላ ከሆነ፣ አረሩ በጎኑ እየመታ ነው ማለት ነው፣ ወይ አረሩ ቀጥኗል ወይ በርሜሉ እውነትም አልቋል። ያኔ ወደኔ ኑ። ጠመንጃውን ብቻ ሳይሆን ወረቀቶቹንም ይዛችሁ ኑ፣ እያንዳንዱ ላይ ርቀቱን፣ የጥይቱን አይነትና ምን እንደቀየራችሁ ጽፋችሁ።