«ስሙ አልተፈታም» ያስቃል?

ጥያቄ፦ መሥሪያ ቤት የሊኑክስ ማሽኖችን የምከታተለው እኔ ነኝ። ለባልደረቦቼ በአማርኛ መመሪያ ስጽፍ «ስሙ አልተፈታም» የሚል አስገባሁ። «ባልና ሚስት ነው እንዴ?» ብለው ሳቁብኝ። ተሳስቻለሁ?

መልስ፦ አልተሳሳትክም። እንዲያውም ደስ አሰኘኸኝ፤ «ፈታ» የምሳሳለት ግስ ነው።

መጀመሪያ ነገሩን እንየው። ተርሚናሉ ላይ፣ ማለትም ትእዛዝ በሚጻፍበት መስኮት፣ «ፒንግ 8.8.8.8» ብለህ በዚያ ቁጥር ያለውን ኮምፒውተር «አለህ ወይ?» ስትለው መልስ ይመጣል። በቁጥሩ ፋንታ የድረ ገጽ ስም ስትሰጠው ግን «ስም መፍታት ለጊዜው አልተቻለም» ይልሃል፣ በእንግሊዝኛ። መስመሩ ደህና ነው ማለት ነው። የተኛው ስሙን ወደ ቁጥር የሚመልሰው ዲኤንኤስ ነው፤ ወይ ደግሞ «ሪዞልቭ ኮንፍ» የሚባለው ፋይል ውስጥ የተጻፈው የዲኤንኤሱ አድራሻ ተሳስቷል። ይህን ሁሉ «ኔትወርክ የለም» ብሎ መጠቅለል ስንፍና ነው። ኔትወርክማ አለ!

ወደ ግሱ ልመለስ። ግዕዙ «ፈትሐ» ነው። «በልዐ» «በላ» እንደሆነው ሁሉ፣ አማርኛ ሐውን ውጦ «ፈታ» አለ። ቋጠሮ ይፈታል፣ እስረኛ ይፈታል፣ ሕልም ይፈታል፣ ቅኔ ይፈታል። በግዕዝ ዳኛም ሲፈርድ «ፈትሐ» ነው፤ «ፍትሕ» የመጣው ከዚያ ነው። የትዳሩም የቃሉም «ፍቺ» አንድ ነው። ከዚህ ሁሉ መርጠው ትዳሩ ብቻ ትዝ ካላቸው የራሳቸው ጉዳይ። እዚህ «ፈታ» ያልነው የእንግሊዝኛው «ሪዞልቭ» ራሱ እኮ ከላቲኑ «ሶልቬሬ» የወጣ ነው፤ እሱም መፍታት፣ ማላላት ማለት ነው።

«ተረጎመ» ይሻላል የሚሉ አሉ። ትርጉም ከቋንቋ ወደ ቋንቋ ነው። ስም ሰጥቶ ቁጥር መቀበል ቅኔ መፍታትን ይመስላል፤ ስሙ ሰም፣ ቁጥሩ ወርቅ። «ተረጎመ» ጨርሶ አያስኬድም አልልም፤ አልወደውም እንጂ።

አንድ ነገር ግን ላርምህ። «በሩ አልከፈት አለ» እንደምንለው፣ «ስሙ አልፈታ አለ» በል። ሦስት ጊዜ ሞክሮ ያቃተው ሰው አፍ ላይ የሚመጣው ይሄ ነው።

ባለሙያዎቹ ግን «ሪዞልቭ አያደርግም» ነው የሚሉት። ጆሮዬን ይቆረቁረኛል። በቀደም ቤቴ ኢንተርኔት ሊያስተካክል የመጣውን ልጅ «ስሙ አልፈታ አለ» ስለው ግራ ገብቶት አየኝ። ትንሽ ታገልኩና «ሪዞልቭ አያደርግም» አልኩት። «እንደሱ አይሉኝም ታዲያ!» ብሎ በሁለት ደቂቃ አስተካከለው።