ስማቸውን ጨዋታው ላይ አስፍሩላቸው

የኮምፒውተር ጨዋታ በመሥራት ላይ የሚገኝ አንድ ወጣት ሰሞኑን «ያለ ክፍያ ኮድ የጻፉልኝን ልጆች ስም ማስፈር ግዴታዬ ነው ወይ?» ብሎ ጠየቀኝ። ጥያቄው የቆየ ቁጭት ቀሰቀሰብኝ።

እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ አሜሪካ ተማሪ ሳለሁ፣ የዩኒቨርሲቲያችንን የኮምፒውተር ክፍል ማታ ማታ የሚያሞቁት ዲኩመድ የሚጫወቱ ልጆች ነበሩ። ዲኩመድ ሥዕል አልነበረውም፤ ሁሉም ነገር በጽሑፍ እየተነገረ፣ ከየአገሩ የገቡ ሰዎች በአንድ ጊዜ አብረው የሚዋጉበት ጨዋታ ነው። የሠሩት የኮፐንሃገን ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የነበሩት ሰባስቲያን ሐመር፣ ቶም ማድሰን፣ ካትያ ኒቦ፣ ሚካኤል ሳይፈርት እና ሃንስ ሄንሪክ ስቴርፌልት ሲሆኑ፣ ኮዱን እ.ኤ.አ. በ1991 ለሁሉም በነፃ ለቀቁት። በምትኩ የጠየቁት ማንም እንዳይነግድበት፣ ስማቸው ተጫዋቹ ሲገባ እንዲታይ፣ «ክሬዲትስ» (የሠሪዎች ዝርዝር) ተብሎ ሲታዘዝም ያሰፈሩት ጽሑፍ እንዲወጣ ነበር።

እኛ የምንጫወተው ከዲኩመድ ኮድ በተወለደው፣ መርክ በተባለ ኮድ ላይ የተመሠረተውን ጨዋታ ነበር። አንድ የአገሬ ልጅ፣ ዝምተኛ፣ ካፖርቱን ሳያወልቅ ተርሚናሉ ፊት የሚያመሽ፣ ለዚህ ጨዋታ ክረምቱን ሙሉ በነፃ ሠራ። ተጫዋች በውጊያ መሀል መስመሩ ሲቋረጥበት ሰርቨሩ፣ ማለትም ጨዋታውን ለሁሉም የሚያስኬደው ኮምፒውተር፣ ይወድቅ ነበርና፣ ስህተቱን ለማግኘት ኮዱን በወረቀት አትሞ በእርሳስ እያሰመረ መስመር በመስመር አነበበው፤ አግኝቶም አረመው። «ኤሪያስ» ብለን ስንጽፍ በጨዋታው ውስጥ ያለው የየአካባቢው ስምና የሠሪው ስም ይዘረዘር ነበርና፣ እሱ በጻፈው የተራራ መንደር አጠገብ ስሙን ባየ ጊዜ ፊቱ እንዴት እንደበራ አልረሳውም። በኋላ ሰርቨሩን የተረከበው ሰው የመግቢያውን ገጽ ሲያሳምር የዴንማርኮቹንም የእሱንም ስም አጥፍቶ የራሱን ብቻ አስቀመጠ። ጓደኛዬ አልተከራከረም፤ መምጣቱን ግን ተወ። ሰርቨሩም ተዘጋ፤ ያ ሁሉ ድካም የእሱ እንደነበረ የሚመሰክር አንድ መስመር እንኳ አለመቅረቱ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

የዛሬ ልጆች ከእኛ ይልቅ ፈጣኖች ናችሁ፤ ነገር ግን ያወረዳችሁትን ኮድ፣ ባለቤቶቹ የአጠቃቀም ሁኔታቸውን የጻፉበትን የፈቃዱን ፋይል ሳትከፍቱ ትገለብጡታላችሁ፣ ይህን አልወድላችሁም። ምስጋና በግዴታ መሆን የለበትም እላለሁ፤ ሆኖም ያ የዲኩመድ ፈቃድ ባይኖር ኖሮ የአምስቱን ስም እኔም ባላወቅሁ ነበር።

ስለዚህ ለጠየቀኝ ወጣት መልሴ ይህ ነው፦ ስማቸውን ማንም በማይከፍተው ፋይል ውስጥ ሳይሆን ጨዋታው ላይ አስፍር፤ «ለረዱን ሁሉ» ብለህ አትለፈው፣ ማን የትኛውን ክፍል እንደጻፈና የትኛውን ስህተት እንዳረመ ለይተህ ጻፍ። ስማቸው እንዴት እንዲጻፍ እንደሚፈልጉም አስቀድመህ ጠይቃቸው፤ በቅጽል ስሙ መታወቅን የሚመርጥ ይኖራልና።