መልስ፦ ሳምል ወይስ ኦፕን አይዲ ኮኔክት?

ጥያቄህ ገብቶኛል። ተጠቃሚዎቼ በሳምል ይግቡ ወይስ በኦፕን አይዲ ኮኔክት፣ አንዱን ብመርጥ ነገ እቸገራለሁ ወይ ነው ያልከው። ሁለቱም ሰው በሌላ አካል ባለው አካውንቱ ወደ ፕሮግራምህ እንዲገባ የሚያደርጉ የመግቢያ ደንቦች ናቸው። እኔ ብሆን ሁለቱንም ከፕሮግራሙ እምብርት አርቃቸው ነበር።

ሳምል 2.0 በ2005 እ.ኤ.አ. የወጣ ነው፤ መረጃውን በኤክስኤምኤል (አንድ የመረጃ አጻጻፍ ቅርጽ ነው) ጠቅልሎ ይልካል። ኦፕን አይዲ ኮኔክት በ2014 እ.ኤ.አ. መጣ፤ እሱ ደግሞ ጄሶን የሚባል ሌላ ቅርጽ ይጠቀማል። ልብሱ ይለያያል እንጂ ውስጡ ያው ነው። አንድ የታመነ አካል «ይህ ሰው እገሌ ነው» ብሎ ይፈርማል፣ አንተ ፊርማውን ታረጋግጣለህ። ስለዚህ በር ላይ ተርጓሚ የሚሆን የኮድ ክፍል አስቀምጥ። የመጣው በምንም ቅርጽ ይሁን፣ ተርጓሚው ፊርማውን ይፈትሽ፣ ለአንተ የተላከ መሆኑንና ጊዜው እንዳላለፈ ያጣራ፣ ከዚያ ወደ ራስህ ቀላል መዝገብ ይለውጠው። የቀረው ኮድህ ኤክስኤምኤል የሚባል ነገር መኖሩን እንኳ አይወቅ።

አንድ ነገር ግን አደራ፦ ሰውን በኢሜይሉ አትለይ። ኢሜይል ይቀየራል፣ አንዳንዴም ለሌላ ሰው ይሰጣል። እኔ በዚህ ጉድ ሆኛለሁ። አንዲት ተጠቃሚ ኢሜይሏን ቀየረችና ሁለት አካውንት ሆና ቁጭ! ለማዋሃድ ሁለት ሌሊት ፈጀብኝ። በምትኩ የሰጪውን (የዚያን ፈራሚ አካል) አድራሻና ሰጪው ለሰውዬው የመደበውን ቋሚ መለያ አንድ ላይ ያዝ። በሳምል ከሆነ ጊዜያዊ፣ በገባ ቁጥር የሚቀያየር መለያ እንዳይልኩልህ ከሰጪዎቹ ጋር አስቀድመህ ተነጋገር። አንድ ሰው እንዲህ ያሉ ብዙ ጥንዶች እንዲኖሩትም ፍቀድ።

ዲአይዲ (አንድ ማዕከላዊ አካል ሳይመድበው ሰው ራሱ የሚቆጣጠረው መለያ) ስላልከው፣ የድር ደረጃዎችን የሚያወጣው ደብልዩ ስሪ ሲ በ2022 እ.ኤ.አ. አጽድቆታል። ሐሳቡ ደስ ይላል፣ ግን አትቸኩል። ሲያስፈልግህ በሩ ላይ ሌላ ተርጓሚ ትጨምራለህ።