ቀዩን ቁልፍ የሚይዘው ሰው

የመዝናኛ ፓርክ ሲሙሌተር ማለት ሰው በጨለማ ካቢን ውስጥ ተቀምጦ ከፊቱ ካለው ፊልም ጋር እየተናጠ የሚበር የሚመስለው ማሽን ነው። ስለ ማሽኑና ከጀርባው ስለሚቆጣጠረው ሰው ከጠየቃችሁኝ መካከል ዛሬ ለአምስታችሁ እመልሳለሁ።

«ተማሪዎቼ ካቢኑ ይሄዳል፣ አይሄድም ብለው ተከራከሩ። ማን ልክ ነው?» መምህር፣ ከደሴ

አይሄድም፣ መምህር። ብዙውን ጊዜ ካቢኑ የተቀመጠው በሚረዝሙና በሚያጥሩ ስድስት እግሮች ላይ ነው። እግሮቹን የሚያንቀሳቅሳቸው የዘይት ግፊት ወይም የኤሌክትሪክ ሞተር ነው። ካቢኑ ቀስ ብሎ ወደ ኋላ ሲያዘነብል የገዛ ክብደታችን ከወንበሩ መደገፊያ ጋር ያጣብቀናል፤ ዓይናችን በፊልሙ ላይ ፍጥነት ስለሚያይ አእምሯችን ተፈተለክን ብሎ ያምናል። ማዘንበሉ ከፈጠነ ግን የውስጥ ጆሮ ማታለያውን ይደርስበታል። ስለዚህ በሰከንድ ከ3 ዲግሪ ገደማ እንዳያልፍ ይደረጋል።

ለተማሪዎችዎ ይህንንም ይንገሩልኝ። አሜሪካዊው ኤድዊን ሊንክ በ1929 እ.ኤ.አ. የበረራ ማሠልጠኛውን የሠራው ከአባቱ የሙዚቃ ኦርጋን ፋብሪካ ባገኘው ወናፍ ነበር። መጀመሪያ የገዙትም የመዝናኛ ፓርኮች ናቸው፤ የአሜሪካ ጦር የገዛው በ1934 ነው። በ1987 ደግሞ የአሜሪካው መዝናኛ ፓርክ ዲስኒላንድ በአብራሪዎች ማሠልጠኛ ቴክኖሎጂ የተሠሩ፣ እያንዳንዳቸው 40 ሰው የሚይዙ ካቢኖችን ከፈተ። የእኛው የኢትዮጵያ አየር መንገድ አብራሪዎችም አዲስ አበባ ላይ በሲሙሌተር ይሠለጥናሉ።

«የሐይቅ ከተማ ልጅ ነኝ፤ የምሠራው ዐረብ አገር ነው። የአሠሪዎቼን ልጆች ይዤ ሲሙሌተር ገባን። በመሃል ቀጥ አለ፣ መብራት በራ፣ ውጡ አሉን። ምክንያቱን የነገረን የለም። እኔ ያጠፋሁት ነገር ይኖር ይሆን?»

አብሽሪ እህቴ፣ ያጠፋሽው የለም። ጥፋቱ የእነሱ ነው፤ ጥፋታቸው ደግሞ ማቆማቸው ሳይሆን አለመንገራቸው ነው። ሰው በጨለማ አስቀምጦ፣ ድንገት አቁሞ፣ አንዲት ቃል ሳይናገሩ ማስወጣት ነውር ነው። ካቢኑ ውስጥ ድምፅ ማጉያ የሚገጠመው ለዚሁ ነው።

ያላየሽውን ልንገርሽ። ኦፕሬተሩ፣ ማለትም ማሽኑን የሚቆጣጠረው ሠራተኛ፣ በጨለማ በሚያዩ ካሜራዎች እያንዳንዱን ወንበር ይመለከታል። ከፊቱ ያለው ሰሌዳ የትኛው ቀበቶ እንዳልታሰረ፣ የትኛው በር እንዳልተዘጋ ያሳየዋል። ሁሉም እስኪሟላ ድረስ ማስነሻውን ቢጫነው ማሽኑ አይታዘዘውም። ጉዞው ሲጀመር ደግሞ ኮምፒውተሩ የእያንዳንዱን እግር ርዝመት ያለማቋረጥ ይለካል፤ አንዱ ከታዘዘው ከወጣ ራሱ ያቆመዋል። አንድ ልጅ ቀበቶውን ቢፈታ ወይም ከወንበሩ ቢነሳም ኦፕሬተሩ ቀዩን ቁልፍ ይጫናል። ያኔ ፊልሙ ይቆማል፣ ካቢኑ ወደ ማረፊያው ይወርዳል፣ መብራት ይበራል፤ መወጣጫው ሲገጥም በሩ ይከፈታል። ባለሙያ ምክንያቱን ሳያጣራና ባዶውን ሳይሞክረው ሌላ ሰው አይሳፈርበትም። እኔ ልጄን የማሳፍረው ኦፕሬተሩ አለቃውን ሳያስፈቅድ ቀዩን ቁልፍ መጫን በሚችልበት ፓርክ ብቻ ነው። ወረፋው ረዘመ ብሎ ሠራተኛውን የሚቆጣ አለቃ ባለበት ቤት ካሜራው ሁሉ ከንቱ ነው።

«ልጄ ከሲሙሌተር ወርዶ አስመለሰው። በሽታ ይሆን?» እናት፣ ከኮምቦልቻ

ልጅዎ ከደሴ ሲወርዱ የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድ እንዴት ይችለዋል? በሚኒባስ ውስጥ ስልክ ላይ ያቀረቀረ ልጅ ጆሮው መታጠፊያውን ይሰማል፣ ዓይኑ ግን የቆመ ነገር ያያል። በሲሙሌተር ተገላቢጦሽ ነው፤ ዓይን ይበራል፣ ሰውነት ቦታው ላይ ነው። የሚያቅለሸልሸው ይህ አለመስማማት እንጂ ብዙውን ጊዜ በሽታ አይደለም። ፊልሙና እንቅስቃሴው ትንሽ ከተዛነፉ ይብሳል። ሲያቅለሸልሸው ዓይኑን ይጨፍን፤ ካልተሻለው እጁን ያንሳ፣ ኦፕሬተሩ በካሜራ ያየዋል። ከወረደ በኋላም ካልተወው ሐኪም ይየው። ነፍሰ ጡር፣ የልብ ወይም የአንገትና የጀርባ ሕመም ያለበት ሰው ግን ፈጽሞ ባይሳፈር ይሻላል።

«ደሴ ላይ አነስተኛ ሲሙሌተር ልከፍት አስቤያለሁ። መብራት ሲጠፋስ?» ነጋዴ

ከሁሉም የወደድኩት ጥያቄ ይህ ነው። ደህና ማሽን የመብራት መጥፋትን እንደ ማቆሚያ ትእዛዝ ይቆጥረዋል። በዘይት ግፊት የሚሠራው ዘይቱን ቀስ እያለ እየለቀቀ በራሱ ክብደት እንዲወርድ ተደርጎ ይሠራል። በሞተር የሚሠራው ግን ፍሬኑ ይዞት ከፍ እንዳለ ሊቀር ይችላል፤ ስለዚህ የሚያወርደው ባትሪ ወይም በእጅ የሚለቀቅ ፍሬን ያስፈልገዋል። ሻጩን «ወንበሮቹን በአሸዋ ከረጢት ሙላና ዋናውን ማብሪያ አጥፋልኝ» ይበሉት። እምቢ ካለ አይግዙ። መብራት ሲመለስ ወይም ጄኔሬተር ሲነሳ ካቢኑ በራሱ መንቀሳቀስ የለበትም፤ ሰው አይቶ እንደገና ሊያስነሳው ይገባል። የዘይት ከሆነ ደግሞ በደሴ የጠዋት ብርድ ዘይቱ ይወፍራል፤ ደንበኛ ከመግባቱ በፊት ባዶውን እያሠሩ ያሙቁት።

«ልጄ ከቁመት መለኪያው በሁለት ጣት አነሰና ከለከሉት። ቀበቶው ታስሮለት የለ?» አባት፣ ከወልድያ

ቀበቶው ላይ ያለው መቆጣጠሪያ (ሴንሰር) የሚያውቀው ቀበቶው መቆለፉን ብቻ ነው። ቀበቶው ውስጥ ያለው ሰውነት ሊሾልክ ይችል እንደሆነ አያውቅም። ያንን የሚያውቀው በሩ ላይ ያለው መለኪያ ነው። በሚቀጥለው ከመሄዳችሁ በፊት ጫማውን አስወልቀው ቤት ይለኩት፤ በር ላይ ከሚያለቅስ እቤት ቢያውቀው ይሻላል።