ፓኬት ለምን ይጠፋብኛል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። አንድ የግል መሥሪያ ቤት ውስጥ የኔትወርክ ባለሙያ ነኝ። ሊኑክስ ሰርቨር ላይ የሚያልፈውን ትራፊክ የሚቀዳ ፕሮግራም በሲ ጽፌያለሁ። መስመሩ ቀዝቀዝ ሲል ደህና ነው። ሲጨናነቅ ግን አንዱ የፕሮሰሰር ኮር መቶ በመቶ ይያዛል፣ ፓኬትም (በኔትወርክ የሚላክ የዳታ ቁራጭ) ይጠፋል። የማነበው በሪሲቭ (ከከርነሉ፣ ማለትም ከሊኑክስ እምብርት፣ ፓኬት የሚቀበል ጥሪ) ነው። ጓደኛዬ «ኤምማፕ ተጠቀም፣ በፈሩንም አተልቀው» አለኝ (ኤምማፕ የከርነሉን ሜሞሪ ፕሮግራሜ በቀጥታ እንዲያይ ያደርጋል፤ በፈር ፓኬት የሚጠብቅበት ሜሞሪ ነው)። ያዋጣል? (ከአዳማ)

መልስ፦ ኤምማፑ ላይ ጓደኛህ ልክ ነው። በፈር ማተለቁ ግን ብቻውን አያድንህም።

አሁን ለእያንዳንዱ ፓኬት ወደ ከርነል ትሄዳለህ፣ ትመለሳለህ። በዚያ ላይ ዳታው ወደ ፕሮግራምህ ሜሞሪ ይገለበጣል። በ1 ጊጋቢት መስመር ላይ 64 ባይት ፍሬሞች (በሽቦው ላይ የሚያልፉ ፓኬቶች) በሰከንድ እስከ 1.488 ሚሊዮን ሊመጡ ይችላሉ፤ ለአንዱ የሚደርሰው ጊዜ 672 ናኖሰከንድ ብቻ ነው ማለት ነው። ይህ ሁሉ ምልልስ እዚያ ውስጥ አይገባም።

ኤኤፍ_ፓኬት (ጥሬ ፓኬት የሚቀበል) ሶኬት ከፍተህ ፓኬት_አርኤክስ_ሪንግ (የመቀበያ ቀለበት) ስትጠይቅ ከርነሉ የሜሞሪ ቀለበት (እየዞሩ የሚሞሉ ክፍሎች) ያዘጋጅልሃል፣ አንተም በኤምማፕ ወደ ራስህ ታመጣዋለህ። ከዚያ ወዲያ ሁለታችሁም የምታዩት አንድ ሜሞሪ ነው። እያንዳንዱ ክፍል መጀመሪያው ላይ ምልክት አለው፦ 0 ከሆነ የከርነሉ፣ 1 ከሆነ የአንተ። አንብበህ ስትጨርስ 0 ጽፈህ ትመልሳለህ። የሚነበብ ከሌለ ፖል (ዳታ እስኪመጣ የሚያስጠብቅ ጥሪ) ላይ ትተኛለህ። (ከርነሉ ወደ ቀለበቱ አንድ ጊዜ መገልበጡ አይቀርም። እሱንም ማስቀረት ከፈለግህ ኤኤፍ_ኤክስዲፒ የሚባል ሌላ የሶኬት ዓይነት አለ፣ ከሊኑክስ 4.18 ጀምሮ፤ እሱ ግን የካርዱን ድራይቨር ድጋፍ ይፈልጋል።)

ከቀለበቱ አቀራረቦች ቲፓኬት ቨርዥን 3ን ተጠቀም። በፊተኞቹ ቨርዥኖች ለ64 ባይት ፓኬትም 2048 ባይት ክፍል ልትይዝለት ትችላለህ፣ ብክነት ነው። ቨርዥን 3 ፓኬቶቹን እንደየመጠናቸው ብሎክ (ብዙ ፓኬት የሚይዝ ትልቅ ክፍል) ውስጥ አጠጋግቶ ይደረድርና ሙሉውን ብሎክ ባንዴ ይሰጥሃል። ትራፊክ ቀንሶ ብሎኩ ካልሞላም አንተ በሚሊሰከንድ የወሰንከው ጊዜ ሲያልፍ ይለቀዋል። ብሎኩ የፔጅ (ከርነሉ ሜሞሪን የሚከፍልበት ቁራጭ) መጠን ብዜት መሆን አለበት፣ ፍሬሙ (እዚህ ላይ ለአንድ ፓኬት የምትወስነው ክፍል መጠን) ደግሞ የ16። ሒሳቡ ካልገጠመ ከርነሉ ኢኢንቫል (የተሰጠው ቁጥር ልክ አይደለም የሚል ስህተት) ብሎ ይመልስሃል።

አሁን ወደ መጠኑ። 1 ሜጋባይት የሆኑ 64 ብሎኮች ያዝክ እንበል። ሙሉ 1 ጊጋቢት ማለት በሰከንድ 125 ሜጋባይት ነው፤ ስለዚህ 64 ሜጋባይትህ ግማሽ ሰከንድ ገደማ ነው የሚያቆይህ። ብሎኩን ይዘህ ዲስክ ላይ ስትጽፍ ዲስኩ አንድ ሰከንድ ቢዘገይስ? ቀለበቱ ይሞላል፣ ከርነሉ አዲሶቹን ይጥላል። ስለዚህ የሚያነበው ትሬድ (የፕሮግራሙ አንድ የሥራ መስመር) ዲስክ አይንካ፤ የሚያስፈልገውን ወስዶ ብሎኩን ቶሎ ይመልስ፣ ጽሕፈቱን ሌላ ትሬድ ይያዘው። የማትፈልገውን ትራፊክ ደግሞ ሶኬቱ ላይ በቢፒኤፍ ፊልተር (ከርነሉ ውስጥ ፓኬት የሚመርጥ ትንሽ ፕሮግራም) አስቀረው፣ ቀለበቱ ውስጥ እንኳ አይገባም። አንድ ኮር ካልበቃህ በፓኬት_ፋንአውት ሥራውን ለብዙ ትሬድ ማከፋፈል ትችላለህ። በሃሽ (ከአድራሻዎቹ በሚሰላ ቁጥር) ካደረግከው የአንድ ኮኔክሽን ፓኬቶች አንድ ትሬድ ጋ ይሄዳሉ።

የጠፋውን በፓኬት_ስታቲስቲክስ ቁጠር። ባነበብከው ቁጥር ቆጣሪው ወደ ዜሮ ይመለሳል፣ ስለዚህ ራስህ ደምር። ካርዱ ራሱ የጣለው ግን እዚህ አይታይም፣ እሱን በኢቲኤችቱል ትዕዛዝ እይ።

ጥያቄ፦ ለመመረቂያ ፕሮጀክቴ ላብ ውስጥ ብዙ ፓኬት በፍጥነት መላክ አለብኝ። ይኸው የቀለበት ዘዴ ለመላክም ይሠራል? አንዳንዴ የተበላሸ ፓኬት እየወጣብኝ ነው። (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ይሠራል እንጂ፣ ከሊኑክስ 2.6.31 ጀምሮ። ፓኬት_ቲኤክስ_ሪንግ (የመላኪያ ቀለበት) ትጠይቂያለሽ፣ ብዙ ክፍሎች ትሞያለሽ፣ እያንዳንዱን «ይላክ» ብለሽ ምልክት ታደርጊያለሽ፣ ከዚያ አንድ የሴንድ ጥሪ ሁሉንም ያወጣቸዋል።

ብልሽቱ ከሁለት ቦታ ሊመጣ ይችላል። አንደኛው፣ ምልክቱ ከዳታው ቀድሞ ከተጻፈ ከርነሉ ያልጨረስሽውን ያነሳዋል፤ ዳታውን ጽፈሽ ሜሞሪ ባሪየር (የጽሕፈቱን ቅደም ተከተል የሚያስጠብቅ ትዕዛዝ) አስገቢ፣ ምልክቱ መጨረሻ ላይ ይሁን። ሌላው፣ ሴንድ ተመለሰ ማለት ክፍሉ ነጻ ነው ማለት አይደለም። ስትልኪ ከርነሉ አይገለብጥም፣ ካርዱ ከዚያው ከአንቺ ሜሞሪ ነው የሚያነበው፤ ምልክቱ ወደ 0 እስኪመለስ አትንኪው።

ፓኬት_ኪውዲስክ_ባይፓስ የሚባል አማራጭም አለ፣ ከ3.14 ጀምሮ። ወረፋውን ዘሎ በቀጥታ ወደ ድራይቨሩ ይልካል። ይፈጥናል፣ ግን ካርዱ ከተጨናነቀ የሚጠብቅበት ቦታ ስለሌለ ፓኬቱ ይጣላል። ለሙከራ ጥሩ ነው፣ ሰው በሚጠቀምበት መስመር ላይ ግን አትሞክሪው።