ቀለሟን ትተው ኋላዋን ያንኳኩ

ጥያቄ፦ የምኖረው ገላን ነው። ቤተሰቤን ይዤ ቢሾፍቱ፣ አልፎ አልፎም ላንጋኖ የምዝናናባት ያገለገለች የፋይበር ግላስ ሞተር ጀልባ ልገዛ ነው። ሁለት አግኝቻለሁ። አንዷ 4 ሜትር፣ ሆዷ ጠፍጣፋ፣ ባለ 15 ፈረስ ጉልበት ናት። ሌላዋ 5 ሜትር፣ ሆዷ ሹል፣ ባለ 40፣ አዲስ ቀለም የተቀባች። ከልጆቼና ከእናቴ ጋር ስድስት ነን። የቷን ልውሰድ?

መልስ፦ ትንሿን ይርሷት። ስድስት ሰው፣ ምሳውና ቤንዚኑ ተደምሮ 400 ኪሎ ይጠጋል። ጠፍጣፋ ሆድ ቆማ ስትውል አትዋልልም፤ ለአንድ ሁለት ዓሣ አጥማጅ ግሩም ናት። ላንጋኖ ላይ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሳ ግን ማዕበሉን በሆዷ እየደበደበች ነው የምትሄደው። የእናትዎ ወገብ አይችለውም። ሹሏ ውሃውን እየሰነጠቀች ታልፋለች።

የጉልበቱም ጉዳይ አለ። ሞተሩ ላይ የተጻፈው ቁጥር ለባሕር ዳርቻ ነው። እኛ ዘንድ አየሩ ስስ ስለሆነ በየ300 ሜትሩ ከፍታ 3 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ቢሾፍቱ 1,900 ሜትር አካባቢ ነው። ስለዚህ 40ው ወደ 32፣ 15ቱ ወደ 12 ይወርዳል። በ12 ፈረስ ስድስት ሰው ሲጫን ጀልባዋ አፍንጫዋን ሰቅላ ውሃ ስታርስ ትውላለች፤ ቤንዚኑ ብቻ ያልቃል።

ታዲያ ትልቋን ነገውኑ ይግዙ አላልኩም። እኔን ያሳሰበኝ ያ «አዲስ ቀለም» ነው።

ሞተሩ የሚታሰርበት የኋላ ግድግዳ ብዙ ጊዜ ፋይበር ብቻ አይደለም፤ ውስጡ ኮምፔንሳቶ አለ። በብሎን ቀዳዳ ውሃ ከገባ እንጨቱ ቀስ እያለ ይበሰብሳል፣ ላዩ ግን ያብረቀርቃል። አንዴ እንደ ሙሽራ ያጌጠች ጀልባ አመጡልኝ። በትንሽ መሰርሰሪያ ኋላዋን ብነካው አተላ የመሰለ ጥቁር ውሃ እጄ ላይ ወረደ። እንጨቱን በካቻቢቴ እንደ እርጥብ ገለባ ነው የጫርኩት። ባለቤቱ ከገዛት ሁለት ወሯ ነበር።

ስለዚህ የአንድ ብር ሳንቲም ይያዙና ኋላዋን ከዳር እስከ ዳር ያንኳኩ። ምጣድ ሲገዛ በጣት እንደሚመታው ማለት ነው። ጤነኛው ቦታ ጥርት ያለ «ኳ» ይላል። የበሰበሰው ድምፁ ይታፈናል። ቀጥሎ ሞተሩን ወደ ላይ ያጋድሙትና በፕሮፔለሩ በኩል ያለውን ጫፍ በክብደትዎ ወደ ታች ይጫኑ። ሌላ ሰው ግድግዳውን ይመልከት። ከተንቀሳቀሰ ወይም በብሎኖቹ ዙሪያ ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ ካለ፣ ሻጩ ምንም ቢምል ይተዋት። የበሰበሰውን እንጨት መቀየር ኋላዋን እንደገና መሥራት ነው። እኔ እንጀራዬ ነው፣ ለእርስዎ ግን አያዋጣም። ሞተር ቢበላሽ ሌላ ይታሰራል፤ ኋላዋ ግን እንዲያ አይደለም።

ካለፈች ካርቡራተሩን መካኒክ ይየው፤ ለቆላ የተስተካከለ ከሆነ ጂግሌሩ፣ ቤንዚን የሚያሳልፈው ባለ ቀዳዳ ብሎን፣ በአነስተኛ ይቀየራል። ላይፍ ጃኬት ለስድስቱም ይግዙ፣ የልጆቹ በየክብደታቸው ይሁን።

ገንዘቡን ከመክፈልዎ በፊት ውሃ ላይ ይሞክሯት። ለሙከራው ግን እናትዎን ሳይሆን አምስት የሰፈር ጎረምሳ ይጫኑ።