ማሽኑ ይቁም፦ ከቆዳ፣ ከፈትልና ከስፌት ክፍል የመጡ ጥያቄዎች

ባለፈው እትም ማሽን ላይ የምትሠሩ ጥያቄያችሁን ላኩልኝ ብዬ ነበር። ብዙ መጣ። አብዛኛው በስልክ የተላከ አጭር መልእክት ነው፤ አንዱ ግን ከደብተር በተቀደደ ወረቀት ላይ፣ በሁለቱም በኩል፣ በእርሳስ የተጻፈ ነው። አራቱን መርጬ እመልሳለሁ። እኔ በፈትል ክፍል 9 ዓመት፣ ከዚያ በቆዳ ፋብሪካ 6 ዓመት ሠርቻለሁ። አሁን አዲስ ገቢ ኦፕሬተሮችን አሠለጥናለሁ።

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ። የምጽፍልዎት ከሞጆ ነው። ቆዳ ፋብሪካ ውስጥ ድራም (ቆዳ የሚዘፈዘፍበት የሚሽከረከር ትልቅ በርሜል) ላይ ረዳት ሆኜ ከገባሁ 7 ወሬ ነው። ቦዩ ሲዘጋ ፎርማኑ ጉድጓዱ ውስጥ ግባና ዝቃጩን አውጣ ይለኛል። ስገባ የተበላሸ እንቁላል ይሸታል። ትንሽ ስቆይ ሽታው ይጠፋና ቀለል ይለኛል። ማታ ግን ራሴን ያመኛል። የተሰጠን የጨርቅ ማስክ ነው። እምቢ ካልኩ ያባርሩኛል ብዬ ፈራሁ። ምን ይመክሩኛል? (ስሜ ይቆይ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ከዛሬ ጀምሮ እዚያ ጉድጓድ እንዳትገባ። ሽታው ሲጠፋ ጋዙ ሄዷል ብለህ እንዳትሸወድ። የደነዘዘው አፍንጫህ ነው።

ጋዙ ሃይድሮጂን ሰልፋይድ ይባላል። ከየት እንደሚመጣ ልንገርህ፣ አመጣጡን ካወቅህ መቼ እንደምትጠነቀቅም ታውቃለህ። ጸጉሩ ከሌጦው እንዲለቅ ድራም ውስጥ ኖራና ሶዲየም ሰልፋይድ ይጨመራል። የኖራው ኃይል እስካለ ድረስ ሰልፋይዱ ውሃው ውስጥ እንደተያዘ ይቆያል። ኋላ ኖራውን ለማስለቀቅ የአሞኒየም ጨው ይገባል፣ ከዚያ ፒክል በሚባለው፣ ቆዳው በጨውና በአሲድ በሚዘፈዘፍበት ደረጃ ላይ አሲድ ይመጣል። አሲድ ያለበት ውሃና የሰልፋይዱ ውሃ አንድ ቦይ ውስጥ ሲገናኙ ጋዙ ይነሳል። ከአየር ይከብዳል። ስለዚህ ታች ጉድጓዱ ውስጥ ይተኛል፣ አንተ በምትጎነበስበት ቦታ ማለት ነው። ዝቃጩን በአካፋ ስትነካው ደግሞ ውስጡ ታምቆ የቆየው ባንዴ ይለቀቃል።

እኔንም አንድ ሌሊት አግኝቶኛል፤ የት ፋብሪካ እንደሆነ ይቅር። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ገደማ ነው። የተዘጋ ቦይ ለመክፈት ክዳኑን አንስቼ በደረቴ ተኛሁ፣ እጄን እስከ ትከሻዬ ከትቼ የተጠቀለለ ጸጉር እየሳብኩ ነበር። እንቁላል ሸተተኝ። ከዚያ ሽታው ተወኝ። እሰይ ብዬ ቀጠልኩ። ወዲያው ዓይኔ ተቃጠለ፣ ጉልበቴ ከዳኝ፣ ልነሳ ስል እጄ አልታዘዝ አለኝ። የኤሌክትሪክ ሠራተኛው እግሬን ይዞ ጎትቶ አወጣኝ። ልጁ የመጣው ውሃ ሊጠጣ ነው። እዚያ ቆመህ ጠብቀው ያለው ሰው አልነበረም። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው።

አንድ ሌላ ነገር አደራ። በዚህ ጋዝ ከሚሞቱት ብዙዎቹ የወደቀ ጓደኛቸውን ለማውጣት ዘለው የገቡ ናቸው። አንዱ ይወድቃል፣ ሁለተኛው ይገባል፣ ሦስተኛው ይከተላል። ጓደኛህ ወድቆ ብታይ እንኳ ባዶ አፍንጫህን ይዘህ አትግባ። ጩህ፣ ሰው ጥራ፣ የአየር መተንፈሻ መሣሪያ ያለው ይግባ። ሲነገር ይጨክናል፣ አውቃለሁ። ግን ሁለት አስከሬን ከማውጣት ይሻላል።

ጉድጓድ የግድ መጸዳት ካለበት እንዲህ ነው የሚጸዳው። ወደዚያ ቦይ ውሃ የሚለቁ ድራሞች ይቆማሉ። ንጹሕ አየር በማራገቢያ ወደ ታች ይነፋል። አየሩ በጋዝ መለኪያ ይለካል፤ ሰው ከመግባቱ በፊት፣ እየሠራም እያለ። የሚገባው ሰው ወገቡና ትከሻው ላይ ቀበቶ ታጥቆ ገመዱ ውጪ ባለ ሰው እጅ ይሆናል፣ ያ ሰውም ለአፍታ ዞር አይልም። መተንፈሻው አየር ከውጭ የሚያመጣ መሆን አለበት። የጨርቅ ማስክ ጋዝን አያቆምም፣ ጭራሽ። ከሁሉ የሚሻለው ግን ዝቃጩን ሰው ሳይገባ በፓምፕ መምጠጥ ነው፤ ፓምፕ ደግሞ ከሰው ሕይወት አይወደድም።

እንዴት እምቢ ልበል ላልከው፦ ከፎርማኑ ጋር አትጋጭ። «ሥራውን እሠራለሁ፣ ጋዙ ይለካልኝና ገመድ የሚይዝልኝ ሰው ይሰጠኝ» በለው። ይህንኑ በወረቀት ጽፈህ ለደህንነት ኮሚቴው ወይም ለሠራተኛ ማኅበሩ ስጥ፣ አንድ ቅጂ አንተ ጋ ይቅር። ሰሚ ካጣህ በአካባቢህ ያለውን የሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ ጠይቅ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የአደጋ መከላከያ መሣሪያ የማቅረቡን ግዴታ የጣለው በአሠሪው ላይ ነው። ሕይወትን የሚያሰጋ አደጋ ተነግሮት እርምጃ ካልወሰደም ሠራተኛው ያለ ማስጠንቀቂያ ሥራውን መልቀቅ እንደሚችል ያው አዋጅ ይፈቅዳል። ራስ ምታቱን ደግሞ ለሐኪም ተናገር፣ የምትሠራበትን ሳትደብቅ።

ጥያቄ፦ ከኮምቦልቻ ነኝ፣ 23 ዓመቴ ነው። ፈትል ፋብሪካ፣ ካርዲንግ (ጥጥ በማሽን የሚበጠርበት) ክፍል እሠራለሁ። ሰኞ ሰኞ ከሰዓት በኋላ ደረቴ እንደ መቀነት ይታሰራል፣ ያስለኛል። ማክሰኞ ረቡዕ ይሻለኛል። እናቴ ብርድ ነው ብላ ዳማከሴ ታሸኛለች። ፋብሪካው ወተት ይሰጠናል፣ ብናኙን ያጥባል ይላሉ። እውነት ነው?

መልስ፦ እህቴ፣ ሰኞ ብለሽ መጻፍሽ በጣም ጠቅሞኛል። ብርድ ቀን አይመርጥም። ከዕረፍት በኋላ በመጀመሪያው የሥራ ቀን ደረት የሚያስር፣ በማግስቱ ቀለል የሚል ሕመም ጥጥ ላይ ከሚሠሩ ሰዎች ዘንድ በደንብ የታወቀ ነው። ቢሲኖሲስ ይሉታል። የሚያመጣው የጥጥ ብናኝ ነው። ብናኙ ከሁሉ የሚበዛው ደግሞ ባሌው፣ ማለትም ታምቆ የታሰረው የጥጥ ጥቅል፣ በሚፈታበት ክፍል (ብሎሩም ይሉታል) እና አንቺ ባለሽበት ካርዲንግ ነው። መጀመሪያ ላይ በሰኞ ይጀምራል፣ ቸል ሲባል ወደ ማክሰኞና ረቡዕ ይሻገራል፣ ዓመታት ሲቆጠሩ በዕረፍት ቀንም አይለቅም። ቶሎ ከብናኙ የራቀ ሰው ይድናል። ያንቺ ገና ሰኞ ላይ ነው፤ ስለዚህ ዛሬውኑ ተነሺ።

ወተቱን ጠጪ፣ ምግብ ነው። ግን ወተት የሚሄደው ወደ ሆድ ነው፣ ብናኙ ያለው ሳንባ ውስጥ ነው፤ መንገዳቸው አይገናኝም። ወተት ታደለ ተብሎ የአየር መምጠጫው ሳይጠገን የሚከርምበት ቦታ አይቻለሁ። በጣም ያናድደኛል።

ጤና ጣቢያ ስትሄጂ «ያስለኛል» ብቻ ብለሽ አትመለሺ። «ጥጥ ፋብሪካ ካርዲንግ ላይ ነው የምሠራው፣ ሰኞ ይብሳል» በያቸው። ከቻልሽ ሰኞ ሥራ ከመግባትሽ በፊትና ከሥራ ስትወጪ ትንፋሽሽ እንዲለካ ጠይቂ፤ ልዩነቱ ብዙ ይናገራል። ሳሉ 2 ሳምንት ካለፈው የቲቢ ምርመራም አድርጊ፣ በመንግሥት ጤና ተቋም በነፃ ነው። ሁለቱ በሳል ይመሳሰላሉና በግምት አትለፊው።

ክፍሉ ውስጥ ደግሞ የምታደርጊው አለ። ስትወጪ ልብስሽን በኮምፕሬሰር አየር አታራግፊ። ሁላችንም አድርገነዋል፣ ደስ ይላል፣ ግን የተኛውን ብናኝ አስነስተሽ ወደ አፍንጫሽ ነው የምትመልሺው። ወለሉንም በደረቅ መጥረጊያ ከመጥረግ በመምጠጫ ማሽን ማንሳት ይሻላል። ማስኩ ኤን 95 የሚባለው፣ ብናኝ የሚያጣራው ዓይነት ይሁን፣ አፍንጫሽ ላይ ያለውን ሽቦ ተጫኚው፣ በጎን አየር ካስገባ አልሠራም ማለት ነው። ማሽኑ ላይ የተጠቀለለ ጥጥ ለማውጣትም ቸኩለሽ ክዳኑን አትክፈቺ። የካርዲንግ ሲሊንደር ከባድ ነው፣ ኃይሉ ከተቋረጠ በኋላም ለደቂቃዎች ይሽከረከራል። ድምፁ ጸጥ ያለ ስለሚመስል ነው እጅ የሚበላው። መቆሙን በዓይንሽ እይ።

ሐኪሙ ከሥራው የመጣ ነው ካለሽ ወረቀቱን ያዢ። በሥራ ምክንያት የሚመጣ በሽታ በአዋጁ እንደ ሥራ ላይ ጉዳት ይቆጠራል። ብናኝ ወደማይበዛበት ክፍል፣ ለምሳሌ ወደ ማጠንጠኛ ወይም ወደ ጥራት ቁጥጥር እንዲያዛውሩሽ በጽሑፍ ጠይቂ።

ጥያቄ፦ ቦሌ ለሚ ስፌት ላይ ነኝ። 2 ዓመት ሙሉ እጅጌ ብቻ ነው የምገጥመው፣ ኦቨርሎክ (የጨርቁን ጠርዝ እየቆረጠ የሚሰፋ ማሽን) ላይ። አሁን ፍላትሎክ የሚባለውንም የስፌት ማሽን ተማሪ አሉኝ፣ ደሞዝ ግን አልጨመሩም። ጓደኞቼ በነፃ አትማሪ ይሉኛል። ደግሞ የማታ ኦቨርታይም በስንት እንደሚታሰብ ንገሩኝ።

መልስ፦ ተማሪ፣ ልጄ። ማሽኑ የፋብሪካው ነው፣ እጅሽ ግን ያንቺ ነው፤ ስትወጪ ይዘሽው ትወጫለሽ። አንድ ኦፕሬሽን ብቻ የምታውቅ ልጅ ያ ትዕዛዝ ሲያልቅ ትንሳፈፋለች። ሦስት ማሽን የምታውቀዋን ላይን ሊደሩ (የስፌት መስመሩ ኃላፊ) ይፈልጋታል። ስለ ደሞዙ ግን ዝም አትበይ። ታርጌቱን መምታት ስትጀምሪ፣ በቁጥር፣ «በሰዓት ይሄን ያህል አወጣለሁ» ብለሽ ጠይቂ። የሲኦሲ (የሙያ ብቃት ማረጋገጫ) ምዘናም ውሰጂ፣ ሌላ ቦታ ስትሄጂ ይከፍትልሻል።

ኦቨርታይሙ ቀላል ነው። የወር ደሞዝሽን ለ208 አካፍዪ፤ በሳምንት 48 ሰዓት ለሚሠራ ሰው የወሩ ሰዓት እሱ ነው። ደሞዝሽ 4,160 ብር ቢሆን ሰዓትሽ 20 ብር ነው። ከጧቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ከሆነ በ1.5 ይባዛል፣ 30 ብር። ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 በ1.75፣ 35 ብር። በሳምንት ዕረፍትሽ ቀን በ2፣ 40 ብር። በሕዝብ በዓል በ2.5፣ 50 ብር። ኦቨርታይም በቀን ከ4 ሰዓት፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት በላይ ማሠራት አይፈቀድም። ቀኑንና ሰዓቱን በየዕለቱ በራስሽ ማስታወሻ ጻፊ። ያልተከፈለ ኦቨርታይም በ6 ወር ውስጥ ካልተጠየቀ በይርጋ ይቀራል፤ ብዙ ልጆች ሥራ ከለቀቁ ከዓመት በኋላ ነው የሚጠይቁኝ፣ ያኔ ምንም ላደርግላቸው አልችልም።

የመርፌውንም መከለያ ፍጥነት ይቀንስብኛል ብለሽ አትንቀዪ። ክር ስትሰኪ እግርሽን ከፔዳሉ ላይ አንሺ።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ሽመና ክፍል 19 ዓመት ሠርቷል። አሁን ቴሌቪዥኑን ጮክ አድርጎ ነው የሚከፍተው፣ ልጆቹ ሲጠሩት አይመልስም። ተቆጥቶብን ይመስለኝ ነበር። የጆሮ መድፈኛ ሰጥተውታል፣ ኪሱ ውስጥ ነው የማገኘው። (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ እትዬ፣ ተቆጥቶብዎት ሳይሆን አይቀርም ብለው የቆዩበት ጊዜ ያሳዝናል። አልሰማዎትም ነበር። የሽመና ማሽን ጩኸት ከ85 ዴሲቤል፣ ማለትም ጆሮ ቀኑን ሙሉ ሊችለው ከሚችለው፣ በብዙ ያልፋል። ክንድ ርቀት ላይ ላለ ሰው ለመናገር መጮህ ካስፈለገ ቦታው ጆሮ ይጎዳል። በጩኸት የሄደ መስማት አይመለስም፤ የቀረውን ማዳን ግን ይቻላል። ጆሮውን ያስመርምሩት፣ ኩክ ብቻ ሊሆንም ይችላልና።

መድፈኛው ኪስ ውስጥ የሚቀረው አብዛኛውን ጊዜ አልገባ እያለ ስለሚወድቅ ነው። ማታ ቤት ውስጥ ያለማምዱት። እጁን ይታጠብ። ስፖንጁን በሁለት ጣት አድቦልቡሎ እንደ ቀጭን ክር ያድርገው። በሌላው እጁ ከራሱ ጀርባ አዙሮ የጆሮውን ጫፍ ወደ ላይና ወደ ኋላ ይሳብ፣ ያኔ ቀዳዳው ይቀናል። አስገብቶ በጣቱ ጫፍ ይዞ 30 ይቁጠር፣ እስኪያብጥ። በትክክል ከገባ የራሱ ድምፅ እንስራ ውስጥ እንደሚናገር ሰው ይሆንበታል።

ልጆቹንም ከጀርባው አትጥሩት ይበሏቸው። ፊት ለፊቱ መጥተው፣ ትከሻውን ነካ አድርገው፣ ቴሌቪዥኑን ቀንሰው ያናግሩት።